በባህር ዳርና በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀትና የጉዞ ጊዜ

በአማራ ክልል በሚገኙት የባህር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀና የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በአየር ላይ በቀጥታ መስመር ሲለካ 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም 55 የባህር ማይል ያህል ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የመኪና መንገድ በአንጻሩ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

የልዩነቱ ዋነኛ ምክንያት የጣና ሐይቅ ሲሆን፣ ቀጥታው የአየር መስመር በሐይቁ ላይ ሲያልፍ መንገዱ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በማክሰኝት በኩል ይዞራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የመብረር አቅም አለው። በዚህ ፍጥነት ብቻ ቢሰላ ርቀቱ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ይሁን እንጂ በአጭር መስመር ላይ አብዛኛው ጊዜ ወደ ከፍታ ለመውጣትና ለማረፍ ዝቅ ለማለት ስለሚውል፣ ለቀጥታ በረራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መያዝ ተገቢ ይሆናል።

በሥራ ዕቅድ ላይ መስፈር ያለበት ግን የበረራው ደቂቃ ብቻ አይደለም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሄድ፣ ለምዝገባና ለፍተሻ እንዲሁም የጎንደሩ ማረፊያ ከከተማዋ በስተደቡብ በአዘዞ አካባቢ በመሆኑ ከዚያ ወደ ከተማ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ሲደመር፣ ጠቅላላ ጉዞው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ሊሆን ይችላል።

በመኪና የሚደረገው ጉዞ በተለመደው ሁኔታ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ጠባብ ነው።

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን በአዲስ አበባ በኩል መጓዝ ደግሞ ስሌቱን ፈጽሞ ይለውጠዋል። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአየር ወደ 330 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር ወደ 420 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ድምሩ 750 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህም ከቀጥታው መስመር ሰባት እጥፍ በላይ ነው።

ለእያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ያህል፣ በመካከሉም የጥበቃ ጊዜ ስለሚኖር ግማሽ የሥራ ቀን በጉዞ ሊያልቅ ይችላል። በዚህም ሳቢያ ለአንድ ቀን የታቀደ የመስክ ሥራ ለሁለተኛ ቀን ሲሸጋገር የውሎ አበልና የመኝታ ወጪ ይጨምራል።

ለአብነት ጎንደር ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ለተጠራ ስብሰባ ከባህር ዳር ንጋት 12 ሰዓት በመኪና የተነሳ ተሰብሳቢ አንድ ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ይኖረዋል። በአዲስ አበባ በኩል የሚመጣ ግን በዋዜማው መነሳት ይኖርበታል።

የበረራ መርሐ ግብር እንደየወቅቱ ስለሚለዋወጥ፣ የመንገድ ጉዞም በጸጥታና በትራፊክ ሁኔታ ስለሚወሰን፣ የጉዞ ዕቅድ የሚያዘጋጁ የሥራ ክፍሎች ሁለቱንም ከመነሻው ቀን በፊት አረጋግጠው አበልና የመጓጓዣ በጀት ቢያጸድቁ ከብክነት ይድናሉ።