ሰንጠረዥ፤ ማኅበር ያላገኘው የአባቶቻችን ጨዋታ

የቼዝ ጨዋታ በቅርብ ጊዜ ከውጭ አገር የገባ አዲስ ነገር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በምሳ ሰዓት በትምህርት ቤታችን ግቢ ሰሌዳ ዘርግተው የሚፋጠጡትን ተማሪዎች ያየ ወላጅ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ አገራችን ይህንኑ ጨዋታ ሰንጠረዥ በሚል ስም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስትጫወተው ኖራለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ የምንወደው ጨዋታው እንዴት ያለ እንደ ነበረ፤ ይልቁንም ለምን እንደ ጠፋ ነው።

ጨዋታው ከህንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዓረቦች አገር እንደ ደረሰ ይታወቃል። በዚያ ሻትራንጅ ይባል ነበር፤ የእኛም «ሰንጠረዥ» የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። በአውሮፓ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ደንቡ ተለወጠና፣ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ደካማ አማካሪ ሰሌዳውን ሁሉ የምታካልል ንግሥት ሆነ። በእኛ አገር ግን የቀድሞው ደንብ እንዳለ ኖረ።

እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዱ እንደ ነበር መስክሯል። የዝሆን ጥርሱ ጠጠር ትልልቅና ሻካራ መሆኑን፣ ተጫዋቹም የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከስፍራው እንደሚያስወግደው ይናገራል። ቆንሲል ፕላውደንም ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለ ደንቡ ጽፎአል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ጎበዝ የሰንጠረዥ ተጫዋች እንደ ነበሩ ይነገራል።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ 64 ቤት አለው፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ አይዥጎረጎርም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር አስምረው ይጫወቱ ነበር። ንጉሥ በፈርዝ ቀኝ ይቆማል፤ ስለዚህ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል ወይም ሰባ የሚባለው፣ ማለት ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረስና ደር እንደ ዛሬዎቹ ፈረስና ግንብ ናቸው፤ እግረኛው ደግሞ መደቅ ይባላል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን መጀመሪያው ነው። በሰንጠረዥ «አንተ ተጫወት፣ ቀጥሎ እኔ» የሚባል ተራ በመጀመሪያ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ያለ ተራ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን መለወጥ ይችላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። በተራ የለመደ ሰው ይህን እንደ ሥርዓት አልባነት ይቆጥረው ይሆናል፤ እኛ ግን እውነተኛውን ጦርነት የበለጠ የሚመስለው ይህ ነው እንላለን፤ የትኛው የጦር አዛዥ ነው ጠላቱ እስኪሰለፍ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ?

የአሸናፊነቱም ክብር እኩል አልነበረም። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መውጫ ማሳጣት እንደ ተራ ድል ይቆጠር ነበር፤ በፊል ወይም በፈርዝ ማሸነፍ ያስከብራል፤ በመደቅ ብቻ የጨረሰ ግን ከፍ ያለ ምስጋና ያገኛል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መያዝ ደግሞ አይፈቀድም፤ ጨዋታው እኩል ለእኩል ይባላል።

እኛም በዚህ ዓመት ነገሩን በወሬ ብቻ ላለመተው ብለን ቀይ ጨርቅ አስምረን፣ ለመደቅ በየመንገዱ ዳማ የሚጫወቱበትን የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን ሞከርነው። በወረራው ጊዜ የተነሣው ጫጫታ የጎረቤት ክፍል መምህር እስኪመጡ ደረሰ። በቼዝ ከክፍላችን አንደኛ የሆነው ጓደኛችን የሸመደደው አከፋፈት አንዱም ሳይጠቅመው ተሸነፈ፤ ያሸነፈውም ልጅ ቼዝን ከተማረ ሁለት ወር ያልሞላው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጨዋታ ስለ ምን ጠፋ? አንዳንድ ሰዎች አዲሱ ቼዝ ስለሚሻል ነው ይላሉ፤ ደካማው ፈርዝ በኃይለኛዋ ንግሥት ፊት ሊቆም አልቻለም ማለታቸው ነው። ይህ አያሳምነንም። በታይላንድ የሚጫወቱት ማክሩክ የሚባለው ቼዝ ንግሥት የለውም፤ በስፍራዋ ያለው ጠጠር እንደ እኛ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ አልተወውም። የእኛው ገበጣም ቢሆን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለለቀመ እረኛ ሁሉ ስለሚገኝ አልጠፋም። ሰንጠረዥ ግን የዝሆን ጥርስ ጠጠር ባላቸው ሰዎች ቤት፣ በነገሥታቱና በመኳንንቱ አዳራሽ ነበር የሚኖረው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ እነዚያ አዳራሾች ፈረሱ፤ ባለቤቶቻቸውም ግማሹ በጦር ሜዳ ወደቀ፣ ግማሹ ታሰረ ወይም ተሰደደ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ሰንጠረዥ እንደ ቀድሞው ሆኖ አልተመለሰም። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ጨዋታው ሰፊ ጥናት ባወጡ ጊዜ የሚጽፉት ስለ ሞተ ነገር ነበር።

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ወደ እንግሊዝ አገር እንሂድ። በዮርክሻየር አውራጃ ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ የየከተማው የቼዝ ክለቦች ዉድሃውስ ስለሚባል ዋንጫ ይወዳደራሉ፤ ውድድሩ እስከ ዛሬ አለ። እያንዳንዱ ክለብ ተጫዋቾቹን በችሎታቸው ቅደም ተከተል በየሰሌዳው ያስቀምጣል፤ ላሸነፈ 1፣ ለተለያየ ግማሽ ነጥብ ይሰጣል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ነገሩ ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጎበዝ ተጫዋች ሲሞት ስፍራው በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ሰው ይያዛል፤ ምክንያቱም ቀጠሮው የተያዘው በክለቡ ስም እንጂ በሰውየው ስም አይደለም። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ግን የእርሳቸውን ሰሌዳ የሚወርስ ክለብ አልነበረም።

ሁለተኛም የመዝገብ ነገር አለ። ቼዝ በተራ ስለሚሄድ እያንዳንዱ እርምጃ በቁጥር ይጻፋል። የለንደንና የኤድንበርግ ክለቦች እ.ኤ.አ. ከ1824 እስከ 1828 ሳይገናኙ በደብዳቤ ተጫውተው ኤድንበርግ አሸነፈች። በ1945 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ በሬዲዮ፣ በ10 ሰሌዳ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጋጥመው ሶቪየቶች በ15 ተኩል ለ4 ተኩል ረቱ። እዚህ ላይ የራሳችንን ሰፈር ሳናነሣ አናልፍም፤ ነፋስ ስልክ የተባለው ከጣሊያን ወረራ በፊት በተሠራው ያለ ሽቦ በሚናገረው ጣቢያ ምክንያት ነውና፣ ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ቼዝ የተጫወቱት በነፋስ ስልክ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም። ሰንጠረዥን ግን እንዲህ መጫወት እንዴት ይቻላል? ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ የሚሯሯጥበትን ወረራ ማን በቁጥር ይጽፈዋል? ጨዋታውን እጅግ የሚያስደስተው ክፍል መሳጭነቱን ያህል ለመመዝገብ አስቸጋሪ ነው።

ደንቡ ግን በፕላውደንና በፓንክኸርስት ጽሑፍ ስላለ መጫወት ይቻላል። እኛ በሚያዝያ ወር አራት ክፍሎችን በሰንጠረዥ አጋጥመን፣ ወረራውን ሳይሆን ከወረራው በኋላ የነበረውን አሰላለፍ በወረቀት ላይ ሥለን በደብተር አስቀምጠናል፤ ደብተሩም በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። ከእኛ በኋላ 12ኛ ክፍል ለሚገቡት ወንድሞችና እኅቶቻችን የሚቀጥለው ግጥሚያ በጥቅምት እንዲሆን ቀጠሮ ይዘናል። እናንተ ወላጆቻችን ደግሞ ከአያቶቻችሁ በወረሳችሁት ሣጥን ውስጥ አንዲት የዝሆን ጥርስ ጠጠር ብታገኙ፣ የምን እንደ ሆነች ባታውቁም እንኳ፣ ለልጃችሁ ስጡና ያሳየን፤ ያለን ፈርዝ እስካሁን ከቆርኪ የተሠራ ነው።