ስለ ቢራ እርሾና ስለ ኮሎኝ ጠማቂዎች



ቢራ ሲባል በዛሬ ዘመን የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አንድ ዓይነት መጠጥ ነው፤ ይኸውም መልኩ እንደ ወርቅ የጠራ፥ አረፋው ነጭ፥ ጣዕሙ የለዘበ፥ ላገር የሚባለው ቢራ ነው። ይህን ቢራ በቤቱ ለመጥመቅ የሚነሣ ሰው ግን ወዲያው አንድ ችግር ይገጥመዋል። የላገር እርሾ ሥራውን አሳምሮ የሚሠራው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ብርድ ነው፤ ይህን ብርድ ለሳምንታት ሳያቋርጥ የሚሰጥ ጓዳ ደግሞ በየቤቱ አይገኝም። እንግዲህ ሙቀት የለመደ እርሾ የብርዱን ቢራ ሊሠራ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር የምትገኘው የኮሎኝ ከተማ ጥሩ መልስ ስላላት፥ ታሪኩን ከሥሩ እናነሣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው የነገሩን መሠረት ያውቀዋል። ብቅል ጣፋጩን ይሰጣል፤ እርሾ ጣፋጩን በልቶ ወደ አልኮልና ወደ አየር ይለውጠዋል፤ ለጠላ ጌሾ የሚሰጠውን ምሬት ለአውሮፓ ቢራ ሆፕ የሚባል የሐረግ አበባ ይሰጠዋል። የቢራ እርሾ ግን ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በጥቂት ቀን ፈልቶ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ኤል የሚባለው ቢራ የሚሠራው በዚህ ሲሆን የፍራፍሬ መዓዛ ይተውበታል። ሁለተኛው በብርድ እያዘገመ ሠርቶ ወደ ታች የሚዘቅጠው የላገር እርሾ ነው።

በ1516 ዓ.ም. የባቫሪያ መስፍን አራተኛው ዊልሄልም ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውኃ በቀር ከሌላ ነገር እንዳይጠመቅ አዋጅ አወጣ። አዋጁ እርሾን አልጠቀሰም፤ እርሾ ሕያው ነገር መሆኑ ገና አልታወቀም ነበርና። በ1553 ዓ.ም. ደግሞ መስፍኑ አምስተኛው አልብሬክት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ከኤፕሪል 23 ጀምሮ እስከ ቅዱስ ሚካኤል ቀን እስከ ሴፕቴምበር 29 ድረስ ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ። በበጋ የሚጠመቀው እየኮመጠጠ ይበላሽ ነበርና። ከዚህም የተነሣ በክረምት ብቻ የሚጠምቁት ባቫሪያውያን ሳያውቁት ብርድ የሚችለውን እርሾ መርጠው አሳደጉ። ቢራውንም በበረዶ በቀዘቀዘ ዋሻ ያቆዩት ነበር፤ ላገር የሚለው ስም የመጣው በጀርመንኛ ማከማቸት ከሚለው ቃል ነው።

ይህ የብርድ እርሾ ዲቃላ ነው። በቅሎ ከፈረስና ከአህያ እንደምትወለድ፥ እርሱም ከተራው የዳቦና የኤል እርሾና ብርድ ከሚወድ ከአንድ የዱር እርሾ ተወለደ። የዱሩ ወላጅ ማንነት የታወቀው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፥ የተገኘውም በአውሮፓ ሳይሆን በደቡብ አሜሪካ በፓታጎንያ ዱር ዛፎች ላይ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

በ1842 ዓ.ም. ዮሴፍ ግሮል የተባለ ባቫሪያዊ በፒልዘን ከተማ ነጣ ያለውን ላገር ጠመቀ። በ1845 ዓ.ም. የዴንማርኩ ያኮብሰን ከሙኒክ እርሾ ይዞ በፈረስ ሠረገላ ወደ ኮፐንሃገን ሲመለስ፥ እንዳይሞትበት በየማረፊያው ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስበት ነበር ይባላል። በ1870ዎቹ ዓመታት ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ መኪና ሠራ፤ በ1883 ዓ.ም. ሐንሰን የተባለው ሊቅ በያኮብሰን ፋብሪካ ንጹሕ እርሾ ለይቶ አራባ። ከዚያ ወዲያ ላገር ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ብዙ የቆዩ የአገር ቢራዎችም ጠፉ።

ኮሎኝ ግን አልተሸነፈችም። የከተማዪቱ ሹማምንት አስቀድመው በ1603 ዓ.ም. ወደ ላይ በሚወጣው እርሾ ብቻ እንዲጠመቅ ወስነው ነበር። የላገር ጎርፍ ሲመጣ ጠማቂዎቹ እርሾአቸውን አልጣሉም፤ ይልቁንም የተቀናቃኙን ዘዴ ወሰዱ። በለመዱት እርሾ ከ20 ዲግሪ በማያልፍ ሙቀት አፍልተው፥ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በብርድ አቆዩት። ነጣ ያለ፥ የጠራ፥ ለላገር የቀረበ፥ ነገር ግን ስስ የፍራፍሬ መዓዛ ያለው ኮልሽ የተባለው ቢራ በዚህ ተገኘ። እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ብልህ ሽንፈትን እንቢ ማለት በመጠጥ ታሪክ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. ጠማቂዎቹ ስሙን የሚጠብቅ ውል ተፈራረሙ፤ በ1997 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በሕግ አጸናላቸው።

በቤት ለሚጠምቀውም ሰው የሚበጀው ይኸው የኮሎኝ መንገድ ነው። በአሜሪካ በቤት ቢራ መጥመቅን በመላው አገር የከለከለው ሕግ በ1933 ዓ.ም. ቢሻርም፥ ለወይን ጠጅ የተሰጠው ፈቃድ ለቢራ የተሰጠው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ዓ.ም. በፈረሙት ሕግ ነው። ብዙዎቹም የኤል እርሾ ይዘው ላገር መሰል ቢራ ይሞክራሉ። ዘዴው ይህ ነው፤ መዓዛው ለስላሳ የሆነ እርሾ መምረጥ፥ በ16 ዲግሪ ገደማ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ማፍላት፥ መፍላቱ ሲያበቃ ወደ በረዶነት በሚጠጋ ብርድ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ማቆየት። በዚህ ጊዜ እርሾው ይዘቅጣል፤ ቢራው ይጠራል። ነገር ግን ችኩል ሰው መፍላቱ ሳያበቃ በጠርሙስ ያሽገዋል፤ በውስጡ የቀረው ጣፋጭ አየር መስጠቱን ስለማይተው ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የስኳሩ ልክ በመለኪያ ተለክቶ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይለዋወጥ መቆየቱ ሳይረጋገጥ ጠርሙስ አይከደንም።