የማይቆረቁረው ዓይን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሬዬ የዶሃ ነው፤ ግን ከኖራ ይጀምራል።

ዛሬ ቼክ በምንላት አገር አሎይስ ግሎጋር የሚባል ምስኪን ሠራተኛ ነበር። ኖራ ሲያበርድ ፈነጠቀበትና ሁለት ዓይኖቹ ታወሩ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለው ሐኪም፣ ብረት ገብቶበት ሊድን ካልቻለ የ11 ዓመት ልጅ ዓይን ብሌኑን ወስዶ ለግሎጋር ተከለለት። አንዱ ዓይን አልያዘም። ሌላው ያዘ! ሰውየው ማየት ቻለ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ይህን የብርሃን ወሬ ስንቱ አውርቶታል። እኔ የያዝኩት ሌላ ነው፤ የተተከለ ብሌን ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ሲነካ አይሰማውም።

ጤነኛ ብሌን በነርቭ የታጨቀ ነው፤ ከቆዳ ጋር ቢተያይ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ጤፍ የማታክል ጉድፍ ጎልማሳውን ቁጭ አድርጋ የምታስለቅሰው ለዚህ ነው። ነርቮቹ ከዳር ገብተው ወደ መሃል ይዘረጋሉ። ታዲያ ሐኪሙ የታመመውን ብሌን ዙሪያውን ቆርጦ ሲያወጣ እነሱንም ዙሪያቸውን ይቆርጣቸዋል። አዲሱ ብሌን ከፀጉር በቀጠነ የናይለን ክር፣ ብዙ ጊዜ 16 ቦታ፣ ይሰፋል። ነርቭ ግን አይሰፋም። ራሱ በቅሎ ከዳር ወደ መሃል መዳህ አለበት፤ ወራት ይፈጅበታል፣ ዓመታት ይፈጅበታል፣ መሃል ሳይደርስ የሚቀርም ሞልቷል።

ቢቀርስ ምን አለበት? አለበት እንጂ! ነርቩ ዘበኛም መጋቢም ነው። የብሌን የላይኛው ስስ ሽፋን ሁልጊዜ እየረገፈ የሚተካ ነው፤ ተተኪው ጥቁሩና ነጩ ከሚገናኙበት ድንበር ይመጣል። ነርቩ በሚያመነጨው ንጥረ ነገር ያንን ሽፋን ያሳድጋል፣ ዕንባውን ይጠራል፣ ዓይን እንዲርገበገብ ያዛል። ከሌለ ዕንባው ያንሳል፣ ዓይኑ ፈጦ ይቆያል፣ በሳምንት ውስጥ መድረቅ የነበረበት ቁስል ወር አልፎትም ክፍት ነው። ሲብስም ብሌኑ እየሟሸሸ ይበሳል።

አሁን አንዲት እህታችንን አስቡልኝ። አዲስ አበባ ንቅለ ተከላ ተደርጎላት ዶሃ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች እንበል። ውጭ አቧራ፣ ቤት ውስጥ ሌት ተቀን ኤሲ፣ እጇ ላይ በረኪና። አንድ ቀን አንዱ ስፌት ይበጠሳል። ማዳሟ አይታ፣ «ዓይንሽ ደም መስሏልኮ!» ትላታለች። እሷም፣ «ኧረ ምንም አላመመኝም።» ይቺን ቃል የዓይን ሐኪም ሲሰማ ነው የሚደነግጠው። የላላ ክር ጀርም ይስባል፤ ሰውነትም በተተከለው ላይ እንዲነሳ ይቆሰቁሳል።

መፈተኛውን አይታችሁ ቢሆን ትስቁ ነበር። ኮሼና ቦኔ በተባሉ ፈረንሳዮች ስም የሚጠራ፣ ከብዕር የማይበልጥ ነገር ነው፤ ከጫፉ 6 ሴንቲ ሜትር የናይለን ክር ይወጣል። ሐኪሙ ብሌኑን በክሩ ጫፍ ይነካል። «ተሰማሽ?» «አልተሰማኝም።» ክሩ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራላ! እንደገና ይነካል። 5፣ 4፣ 3... ጤነኛው ዓይን በመጀመሪያው ንክኪ ነበር የሚዘጋው።

ዶሃ ደግሞ ነርቩን ራሱን በዓይን የሚያዩበት ከተማ ነው። ኤዱኬሽን ሲቲ ባለው የዋይል ኮርኔል ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ራያዝ ማሊክ አሉ፤ ከማንችስተር የመጡ የስኳር ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ2003፣ ገና ማንችስተር እያሉ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ነገር አሳዩ፤ ስኳር የሚጎዳውን ቀጭን ነርቭ ሥጋ ሳይቆርጡ በብሌን ላይ ማየት ይቻላል። ታካሚው አገጩን ያስደግፋል፣ ማደንዘዣ ጠብ ይደረግለታል፣ የማይክሮስኮፑ ጫፍ በጄል ብሌኑን ይነካል። ስክሪኑ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ጥቁር ሜዳ ይወጣል፤ ነጫጭ መስመሮቹ ነርቮች ናቸው፣ ይቆጠራሉ። ስኳር የጎዳውን የእግር ነርቭ ለማወቅ ዓይን ማየት! እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በ2007 ደግሞ ቆሽት የተተከለላቸውን የስኳር ታማሚዎች ብሌን አይተው ነርቩ መልሶ ሲበቅል አገኙት።

ይህ ለንቅለ ተከላው ምን አገባው? ከለጋሹ የሚመጣው ብሌን ነው፤ ነርቩን የሚያበቅለው ተቀባዩ ነው። ስኳር ቀድሞ ነርቩን ያሳሳበት ሰው ለአዲሱ ብሌን የሚልከው ከየት ያመጣል? በእኔ ግምት እንዲህ ያለው ሰው ስፌቱ ብቻ ሳይሆን ነርቩም ቢታይለት ይገባል። አንዳንዱን ሕመም የውስጠኛውን ስስ ሽፋን ብቻ በመቀየር ማዳን ስለተቻለ ነርቩ ብዙም አይነካም። ብሌኑ ለሾጠጠበት ወጣት ግን ያ አይጠቅመውም።

ቁስሉ እምቢ ሲል መከላከያ ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ ዕንባ፣ እንደ ፋሻ የሚሸፍን ሌንስ፣ ከራስ ደም የተጣራ ጠብታ ይሞከራል። ካልሆነም የዓይን ቆብ በከፊል ይሰፋል። ማየት ፈልጎ የመጣ ሰው ዓይኑ ሲሰፋ ይናደዳል፤ ቢናደድም ያድናል።

አዲሱ ጠብታ የሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ነው። ይህች ጣሊያናዊት አይሁድ ስለሆነች በሙሶሊኒ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ተባራ፣ ቱሪን መኝታ ቤቷ ውስጥ በዶሮ እንቁላል ነርቭ ታጠና ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዳ ነርቭን የሚያሳድገውን ፕሮቲን አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸለመች፣ በ2012 በ103 ዓመቷ አረፈች። ፕሮቲኑ የዓይን ጠብታ ሆኖ አውሮፓ በ2017፣ አሜሪካ በ2018 ተፈቀደ። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በየ2 ሰዓቱ፣ በቀን 6 ጊዜ፣ ለ8 ሳምንት ይደረጋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም መቀመጥ አለበት። ያቺ እህታችን ታዝዞላት ብታገኘው እንኳ በቀን ስድስቴ እጇን ታጥባ ለመቀመጥ ማዳሟን ማስፈቀድ አለባት፤ ማቀዝቀዣውም የማዳም ነው።