የጋምቤላ ረግረጋማ ሜዳ

የጋምቤላ ረግረጋማ ሜዳ በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ የሚገኝ ሞቃትና ዝቅተኛ ምድር ነው። የክልሉ ዋና ከተማ ጋምቤላ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በዚሁ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ዋና ዓላማው ነጭ ጆሮ ቆርኬንና የናይል ሌችዌን መጠበቅ ነበር። ሁለቱም የአንቴሎፕ ዝርያዎች ሲሆኑ በኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ አካባቢ ሌላ መኖሪያ የላቸውም።

ውሃውና ወቅቱ

ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ከምሥራቅ ካሉት ዝናባማ ደጋዎች ተነሥተው ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። ሜዳው ተዳፋት የለውም ለማለት ይቻላል። አፈሩም ውሃ በቀላሉ የማያሰርግ ጥቁር መረሬ ነው። ስለዚህ በክረምት ወንዞቹ ከአፋቸው ወጥተው በሰፊው ይተኛሉ። በበጋ ደግሞ ይኸው መሬት ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ ውሃ የሚቀረው በወንዞቹና በጥቂት ረግረጎች ብቻ ነው።

የአካባቢው ሰው ኑሮውን የሠራው በዚህ መፈራረቅ ላይ ነው። አኝዋዎች ውሃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፣ ዓሣም ያጠምዳሉ። ኑዌሮች በክረምት ከብቶቻቸውን ወደ ከፍ ያለ ቦታ፣ በበጋ ወደ ወንዝ ዳር ይነዳሉ። ንግዱም ከዚህ ውጭ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት ለእንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቅደው ነበር። ይሁን እንጂ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ ሊደርሱ የሚችሉት ባሮ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር።

የዱር እንስሳት

ነጭ ጆሮ ቆርኬ በዓመት ሁለት ጊዜ ድንበር የሚሻገር እንስሳ ነው። በደቡብ ሱዳን ቦማ አካባቢ ያለው መንጋ ሣርና ውሃ ሲያጥረው ከፊሉ ወደ ጋምቤላ ይመጣል፤ ዝናቡ ሲጠነክር ይመለሳል። ያደገው ወንድ ቀለሙ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ጆሮዎቹ ግን ነጭ ስለሆኑ ከሩቅ ይለያሉ።

በደቡብ ሱዳን ለ22 ዓመታት በተካሄደው ጦርነት ወቅት መንጋው ያለቀ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአየር ላይ በተደረገ ቆጠራ ግን ከሌሎች አንቴሎፖች ጋር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአውሮፕላን ላይ የተጠመዱ ካሜራዎች በየሁለት ሴኮንዱ ባነሷቸው ፎቶዎች የተደረገው ቆጠራ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ አንቴሎፖች መኖራቸውን ገመተ። ከእነዚህ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ናቸው። የአቆጣጠሩ ዘዴ ስለሚለያይ ልዩነቱ ሁሉ መራባት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ይህ ጉዞ ከሴሬንጌቲው በልጦ በዓለም ትልቁ የየብስ አጥቢዎች ፍልሰት ተብሏል። ሴሬንጌቲን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ሲሆን የዚህኛውን ስም የሰማ ግን እምብዛም የለም።

የናይል ሌችዌ እንዲህ ሩቅ አይሄድም። ሰኮናው ረጅምና የተዘረጋ በመሆኑ ሳይሰጥም በጭቃ ላይ ይራመዳል፤ ከረግረጉ ከወጣ ግን ጥቅሙን ያጣል። ስለዚህ ረግረጉ ሲጠብ ከቆርኬው ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው። በመጥፋት አደጋ ላይ ከሚገኙት ዝርያዎች መካከልም ተመዝግቧል።

መንቆሩ የእንጨት ጫማ የሚመስለው ሹቢል የተባለው ትልቅ ወፍም አልፎ አልፎ ይታያል። ዝሆን፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ አንበሳ፣ ጉማሬና አዞም በአካባቢው ይገኛሉ።

ወሰንና ስጋት

ፓርኩ ለረዥም ዓመታት ወሰኑ በሕግ ሳይጸድቅ ቆይቷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጥጥ እርሻ ሲባል በአልዌሮ ላይ ግድብ ተሠራ። በኋላም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት ለሩዝ፣ ለበቆሎና ለሌሎች ሰብሎች ሰፋፊ እርሻዎች ተሰጠ። ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ከ300,000 በላይ ሰዎችም በክልሉ ተጠልለዋል፤ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት የሚያገኙት ከዚያው አካባቢ ነው። በጦር መሣሪያ የሚደረግ ሕገ ወጥ አደንም አልቆመም።

የሰፋፊዎቹ እርሻዎች መሬት ያው ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሮ ሞልቶ የመከላከያ ግንቦችን ከጣሰ በኋላ የአንድ የውጭ ኩባንያ ሰፊ የበቆሎ ማሳ በውሃ ተውጧል።