ስለ ሞተር የዘይት ፖምፓ ታሪክና አጠባበቅ

የአውቶሞቢል ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ፍጥነቱና ጉልበቱ ነው። እኛ ግን ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሠራው፥ ዘይትን ለየብረቱ ስለሚያዳርሰው ፖምፓ ጥቂት ለመናገር አስበናል።

ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ዓ. ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 15 ሚሊዮን ያህል የሠራው «ሞዴል ቲ» የዘይት ፖምፓ የሚባል ነገር አልነበረውም። ከሞተሩ ኋላ የሚሽከረከረው ከባድ መዘውር ዘይቱን እየጠለቀ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ከተረጨውም ጥቂቱ በአንዲት ቀጭን ቧንቧ አድርጎ ወደ ፊት ይወርዳል። ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ነገር ግን ከማርሹ ቀበቶዎች የሚረግፈው የጥጥ ብናኝ ቧንቧዋን ሲደፍናት የሞተሩ ፊት በዘይት ጥም ይጎዳ ነበር። በ1927 መጨረሻ የወጣው «ሞዴል ኤ» ባለ ሁለት ጥርሳም መዘውር ፖምፓ ተሰጠው። እሱም ቢሆን ዘይቱን ወደ ላይ ያወጣና ከዚያ በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ ይተወዋል።

ባገራችን መንገድ ብዙ ዘመን ያገለገለው ቮልስዋገን ከዚህ ይለያል። ፖምፓው ዘይቱን በግፊት ይሰደዋል። ሞተሩ ውሃ የሌለውና በነፋስ የሚበርድ ስለ ሆነ፥ ያው 2.5 ሊትር ዘይት ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዝም አለበት። በአሮጌዎቹ ላይ ከሽቦ ወንፊት በቀር ሌላ ማጣሪያ የለም። እንግዲህ ፖምፓው ሲደክም የሞተሩ ዕድሜ አብሮ ያልቃል።

ከወላጆቻችን መካከል አሮጌ ቮልስዋገን ያላቸው፥ ይልቁንም እንጀራቸው በእርሱ የሆነ፥ ይህን ቢያስተውሉ ደስ ይለናል። ሞተሩን ሳያወርዱ፥ ዘይቱን ቀድተው፥ ፑሌጃውን አውልቀው፥ የፖምፓውን ክዳን የያዙትን አራት ዳዶዎች ቢፈቱ መዘውሮቹ ይታያሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ክዳኑ ነው፤ ጥርሶቹ ክብ ጭረት ያበጁበታል። በመዘውሮቹና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር ከበለጠ ዘይቱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ይሾልካል። ጭረቱ ጥቂት ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት በመስተዋት ላይ ዘርግቶ ክዳኑን እያሹ ማስተካከል ይቻላል (መስተዋቱ የእናት መስተዋት ባይሆን ይሻላል)። ጓርኒሲዮኑም ስስ መሆን አለበት፤ ወፍራሙ እንዳያፈስ ተብሎ ቢገባ ያንኑ ክፍተት መልሶ ያመጣዋል።

ከመግጠም በፊት ፖምፓውን በዘይት መሙላት ግድ ነው፤ ደረቅ ፖምፓ ከታች መሳብ አይችልምና። ሞተሩ ሲነሣ የዘይቱ መብራት ወዲያው ካልጠፋ፥ ቁልፉን ዘግቶ እንደ ገና መፍታት ነው።