ሒሳብ ትምህርት ከባሕረ ሐሳብ እስከ ፕላዝማ



እንደሚታወቀው እድር ያለ ሒሳብ አይቆምም። ወርኃዊው መዋጮ፣ የቅጣቱ ገንዘብ፣ የድንኳኑ ወጪ ሁሉ ተደምሮ ተቀንሶ ነው ሐዘንተኛው ደጅ የሚደርሰው። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች ይህን ትምህርት በየዘመኑ እንዴት እንደተማሩት ልንጽፍ ወደድን።

ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ስሌት አልነበረም የሚል ካለ ተሳስቷል። የቤተ ክህነቱ ተማሪ በባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል የሚውሉበትን ቀን ያወጣል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ ሲገድፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የግእዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት ስለሌለው፣ ምንም ካልተረፈ «አልቦ» ይባላል። የቁርኣን ትምህርት የዘለቀውም ውርስ ክፍፍል ላይ ሲደርስ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶ፣ ስድስተኛ እያለ ያሰላል። ክፍልፋይን በውርስ የተማረ ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚረሳው አይመስለንም።

በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» የሚባል ዘዴም አለ፤ የጥንት ግብፆችም የሚመስለውን ይሠሩበት ነበር። 13 በግ አንዱን በ24 ብር ገዛን እንበል። 13ን እያጋመስን ትራፊውን ስንጥል 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይሆናል። በአንጻሩ 24ን እጥፍ እያደረግን 24፣ 48፣ 96፣ 192 እንላለን። ከዚያ ከጎዶሎ ቁጥር ትይዩ ያሉትን ብቻ መደመር ነው፤ 24፣ 96 እና 192፣ በጠቅላላው 312 ብር። የማባዣ ሠንጠረዥ አላስፈለገም። የተጠራጠረ በጠጠር ይሞክረው!

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቢጀመርም ወደ አገራችን የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የዓለም ገናን መንገድ ወደ ወልቂጤ ሲያስጠርጉ፣ አብሮ ትምህርት ቤትም መጣ። የዚያን ጊዜ ሒሳብ ማለት ሽምደዳ ነበር። ሠንጠረዡ ከደብተሩ ጀርባ ታትሟል፣ አርጩሜው ከመምህሩ እጅ አይጠፋም። በዚያው ዘመን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ሆነ። ታዲያ ልጁ ሰባተኛ ሲገባ «ቀሪ» ያለው «ሪማይንደር»፣ «ማካፈል» ያለው «ዲቪዥን» ሆኖ ይጠብቀዋል። ስንቱ ጎበዝ በሒሳቡ ሳይሆን በቋንቋው ወደቀ!

ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኡጋንዳ በእንቴቤ ከተማ የአፍሪካና የአሜሪካ ባለሙያዎች እየተሰበሰቡ አዲስ ሒሳብ አዘጋጁ፤ ኢትዮጵያም ተካፋይ ነበረች። «ስብስብ» የሚባለው ነገር፣ ቁጥርን ከመሸምደድ ይልቅ ምክንያቱን መጠየቅ፣ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከገበያ ተመልሶ የልጁን ደብተር የሚያይ አባት «ይሄ ደግሞ ምን ሒሳብ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ማስላትን ለአባትና ለእናት አደረሰ። ደረሰኝ ማንበብ፣ ድምር ማረጋገጥ ለአንድ እድር ቀላል ነገር አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። የሁለተኛ ደረጃው ሒሳብ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ካስተዋወቀ በኋላ የሚናገረው ስክሪኑ ነው። ቴሌቪዥን «አልገባኝም» ቢሉት አይቆም፤ መብራት ከጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። እኛ እንደምናምነው ትልቁ ጉዳቱ መምህሩን በገዛ ክፍሉ እንግዳ ማድረጉ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ በጥር 2015 ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእኛም ቤት ስንቱ ልጅ ፊቱን አዙሮ ተኛ። የእድራችን አግዳሚ ወንበሮች ሐዘን በሌለበት ሳምንት ሁሉ ግምጃ ቤት ተደርድረው ነው የሚውሉት። ከአባሎቻችን መካከል ሒሳብ ያስተማራችሁ፣ በጡረታም ያላችሁ ብትሆኑ፣ ለክረምቱ ማጠናከሪያ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ፤ ጠመኔውን እድሩ ይችላል።