ከአፄ ዮሐንስ አዋጅ እስከ አሜሪካ ፎርም

ባለፈው እሁድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የአንዳችን ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ባሕር ዳር አብሮን የተማረ፣ ዛሬ ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛችን ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል። አሁን የመንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ ሊገባ፣ «ሴኩሪቲ ክሊራንስ» የሚሉትን የማጣሪያ ፎርም እየሞላ ነው። «የዛሬ ሦስት ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ማሪዋና አጭሻለሁ። ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?» አለን። እኛ ደግሞ ታሪክ ወዳዶች ነንና፣ ከመመለሳችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ሄድን።

ከሐይቁ በስተምሥራቅ ደብረ ታቦር አለች። በ1864 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከተመላለሱባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ንጉሡ ትንባሆን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በዘመኑ የመጡ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። እስቲ አስቡት! ሰውየው በማግስቱ ትንባሆውን ቢተው፣ ንስሐ ቢገባ፣ የነፍስ አባቱም ቢፈቱት፣ ከንፈሩ አይበቅል። ሹመት ሊለምን ቢሄድ ማንም ፎርም አያስሞላውም፤ ፋይሉ ፊቱ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ያው ትንባሆ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥት ሞኖፖል ሆነ። ከንፈር ያስቆረጠ ቅጠል ለግምጃ ቤቱ ገንዘብ ያስገባ ጀመር። (ቡናም ቢሆን በክርስቲያኑ ዘንድ የተነወረበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ዘጌ በምን ትኮራለች?)

ካናቢስ ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 ተጠቃሚውንም ይቀጣል። ግን ያው ሕግ፣ ከ1949ኙ የወረሰው «መሰየም» የሚባል ነገር አለው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት 5 ዓመት፣ ሌላው 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ካሳለፈ፣ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ከመዝገብ ሊሰርዝለት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ማንም ያንን ጥፋት እያነሳ ሊዘልፈው አይችልም። ጥሩ ሕግ ነው፤ ችግሩ ሰፈሩ አለማወቁ ነው። ሰፈር መዝገቡን አይሰርዝማ!

አሜሪካኖቹስ? በ1953 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባወጡት ትእዛዝ የዕፅ ሱስ ከመንግሥት ሥራ ከሚያስከለክሉ ነገሮች አንዱ ሆነ። በ2008 የወጣ ሕግ ደግሞ አሁንም የሚጠቀም ሰው ክሊራንስ እንዳያገኝ ዘጋ። በታኅሣሥ 2021 የስለላ ተቋማቱ የበላይ ኃላፊ መመሪያ ሲያወጡ ነገሩ ላላ። የቀድሞ ማጨስ ይታያል፣ ብቻውን ግን ሰው አይጥልም። መቼ ነበር? ስንት ጊዜ? ይደገማል ወይ? ይህ ሁሉ ይመዘናል። ዋሽንግተን ከተማ ብትፈቅድም፣ ማጣሪያው የሚያየው የፌዴራሉን ሕግ ነው። እዚያ ፎርም ላይ አውቆ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከጭሱ ይልቅ ውሸቱ ያስወጣል።

ስልኩን አንስተን «ጻፈው» አልነው። ትንሽ ዝም አለ።

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ብቻ እናቴ እንዳትሰማ።»